የአዲስ አበባን ታሪክ እየዞሩ ለማየት ከየት ይጀመራል?

የጉለሌዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። የእህቴ ልጆች ውጭ ተወልደው ያደጉ ናቸው፤ አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመጡ ነው። ወንዱ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ሴቷ ገና ሁለተኛ ደረጃ ናት። አማርኛ ይሰማሉ፣ ለመመለስ ግን ያጥራቸዋል። እናታቸው በስልክ "ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ሲዞሩ ዶሮ ብቻ በልተው እንዳይመለሱ፣ ከተማዋን አሳዪልኝ" ብላ አደራ ጥላብኛለች።

"መታየት ያለባቸው አሥር ቦታዎች" የሚባለውን ዓይነት ዝርዝር አልፈልግም፤ እሱን ማንም ያገኘዋል። ያጣሁት አንዱን ቦታ ከሌላው የሚያያይዘውን ነገር ነው። እንጦጦ ወጥተን ፎቶ ተነሥተን፣ ሙዚየም ገብተን ወጥተን፣ ማታ ልጁ "ታዲያ ይህች ከተማ እንዴት ተፈጠረች?" ቢለኝ ምን እለዋለሁ? ከየት ልጀምር? ምንን ከምን ላስከትል?

መምህር ዘእንጦጦ፦
ልጄ፣ ጥያቄሽ ደስ ይላል። ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼን ይዤ መጀመሪያ የምወጣው እንጦጦ ነበር። አሁንም ከዚያ ጀምሪ እላለሁ።

ምክንያቱም እንጦጦ ላይ ሆነው ቁልቁል ሲያዩ የከተማዋ መፈጠር ምክንያት ራሱ ይታያል። ምኒልክ ንጉሥ ሳሉ ሠራዊታቸውን ይዘው የሰፈሩት ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከዚህ ተራራ ላይ ነበር። ለጦር ጥበቃ ይመቻል፤ ለኑሮ ግን ይበርዳል፣ ነፋሱ አያስቆምም፣ ውኃና ማገዶ ሩቅ ነው። ከታች ደግሞ ፍልውኃ አለ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃው እየወረዱ ሲታጠቡ ቦታውን ወደዱት፣ ቤት አሠሩ፣ በ1879 ዓ.ም ስሙንም ያወጡለት እሳቸው ናቸው። መኳንንቱም ተከትለው ወረዱ፤ እያንዳንዱ አለቃ ከነጭፍራው ሰፈር ተሰጠው። ራስ መኮንን፣ ደጃች ውቤ እያልን ሰፈርና ድልድይ የምንጠራው ከዚያ የመጣ ነው። ከተማዋ መጀመሪያ የጦር ሰፈር ነበረች። ዛሬም መንገዱ የተጠማዘዘው፣ ሰፈሮቹ በሸለቆና በወንዝ የተለያዩት አንድም ለዚህ ነው።

እንጦጦ ማርያም ግቢ ገብታችሁ የምኒልክን የቀድሞ ቤት ተመልከቱ። እንጨትና ጭቃ ነው። ልጆቹ ግድግዳውን ጠጋ ብለው ይዩት፤ "ቤተ መንግሥት" ሲባሉ የሚጠብቁት ሌላ ስለሆነ ብዙ ጥያቄ ያነሣሉ። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው በጥቅምት 1882 ዓ.ም የተቀቡት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ስትወርዱ ደግሞ ባሕር ዛፉን አሳዪያቸው። ዝም ብሎ ዛፍ አይደለም። ከተማዋ ከተቆረቆረች ብዙም ሳይቆይ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አለቀ። ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ ሊያዛውሩ አዲስ ዓለም ላይ ቤተ መንግሥት እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ እያደገ የማገዶውን ችግር ባያቃልል ኖሮ አዲስ አበባ ዛሬ ባለችበት ላትኖር ትችል ነበር። የአዲስ ዓለሙ ቤተ መንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሆኖ ቀረ።

ድንቅነሽ ወዳጅ፦
መምህር፣ አክብሬዎት ግን በዚህ አልስማማም። ውጭ ያደጉ ልጆች መጀመሪያ ማየት ያለባቸው ብሔራዊ ሙዚየሙን ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያላት ድንቅነሽ እዚያው አምስት ኪሎ ናት። ስሟን በትምህርት ቤት ሰምተውታል፤ ከሚያውቁት ቢጀምሩ ልባቸው ቶሎ ይከፈታል።

መምህር ዘእንጦጦ፦
ወዳጄ፣ ድንቅነሽ የሰው ዘር ሁሉ ታሪክ ናት፤ የተገኘችውም ሐዳር፣ አፋር ውስጥ ነው። የተጠየቀው ስለ ከተማዋ ነው። ይግቡ፣ ይዩአት፤ መጀመሪያ ከሆነች ግን አዲስ አበባ እንደ ሙዚየሙ ዕቃ ማስቀመጫ ብቻ ትታያቸዋለች።

ከአራት ኪሎ ላይ፦
ሁለታችሁንም የሚያገናኝ ነገር ልጨምር። ድንቅነሽ የተገኘችበትን ቀን ታውቃላችሁ? ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ሌሊት፣ ኅዳር 14፣ ደርግ የንጉሡን ሹማምንትና የጦር መኮንኖች አዲስ አበባ ከርቸሌ ውስጥ ረሸነ፤ ስልሳዎቹ የምንላቸውን ማለቴ ነው። አፋር በረሃ ላይ ያቺ አጥንት ስትገኝ፣ እዚህ ከተማ ውስጥ ሰዎች በጅምላ ጉድጓድ ተቀብረው አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር። የስልሳዎቹ አፅም ኋላ ወጥቶ በክብር ያረፈው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው፤ ከሙዚየሙ በእግር የሚደረስበት ቦታ። እኔ ሰው ሳስጎበኝ ድንቅነሽን አሳይቼ ቀጥታ ሥላሴ ነው የምወስደው። እስካሁን ያንን ሰምቶ ዝም ብሎ ያለፈ ሰው አላየሁም።

የአራዳ ልጅ፦
እንጦጦም ሙዚየሙም ጥሩ ነው፤ ከተማ ማለት ግን ፒያሳ ነው እህቴ። ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ጀምሪ። ስምንት ማዕዘን ነው፤ ልጆቹ ይቁጠሩት። የጊዮርጊስ ታቦት ዐድዋ ዘምቶ ነበር፤ ድሉ የተገኘው በየካቲት 23 ቀን 1888 በጊዮርጊስ ዕለት ስለሆነ ቤተ ክርስቲያኑ የድሉ መታሰቢያ ሆኖ እንደገና ተሠራ። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ የጫኑት እዚሁ ነው። ፋሽስቶች በየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጊዜ አቃጥለውታል፤ ከነፃነት በኋላ ታድሶ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕሎች ገቡበት። ግቢው ውስጥ ያለውን ሙዚየም እንዳትዘሉት። ነጠላ መያዝሽን አትርሺ፤ ውስጥ ሲገባ ጫማ ይወልቃል።

ከዚያ ወጥታችሁ ፊት ለፊት የምኒልክ ሐውልት። ከሐውልቱ ወደ ታች አቡነ ጴጥሮስ፣ ከአቡነ ጴጥሮስ ማዘጋጃ ቤት። ጣይቱ ሆቴልም ከዚያ ሩቅ አይደለም፤ በሀገራችን የመጀመሪያው ሆቴል ነው። በጥር 2007 ቃጠሎ ከፊሉን ቢጎዳውም አሮጌው ቤት ቆሞ አለ። ቡና እዚያ ጠጡ፣ የእንጨቱን ደረጃ ሲወጡ ድምፁን ይስሙት።

የጉለሌዋ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! የባሕር ዛፉን ነገር እንኳን እኔ ራሴ አልሰማሁትም ነበር፤ ጉለሌ ተወልጄ አድጌ። አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ሴቷ ልጅ ሐዘን የበዛበት ነገር ይከብዳታል፤ ደግሞ ሐውልት ከሐውልት እየዞርን "ይሄ የእንትና ነው" ማለት ብቻ እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ሐውልት ለኔም ቆሞ የሚታይ ድንጋይ ነው፤ በታክሲ በየቀኑ አልፈዋለሁ።

ነቅለው የተከሉት፦
እህቴ፣ የሚያያይዘውን ክር እኔ ልንገርሽ። የአዲስ አበባ ሐውልቶች ቆመው አያውቁም። ተነቅለዋል፣ ተቀብረዋል፣ ባሕር ተሻግረዋል፣ ተመልሰዋል። እያንዳንዱን "ማን ተከለው?" ብቻ ሳይሆን "ማን ነቀለው? ማን መለሰው?" ብለሽ ብትጠይቂ የመቶ ዓመቱ ታሪክ ሁሉ በራሱ ይወጣል። እኔ ሰው ሳዞር የምከተለው ይህንን ብቻ ነው።

የምኒልክን ሐውልት እንይ። ጀርመናዊ ባለሙያ የሠራው ነው፤ የተመረቀው በኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ፣ በጥቅምት 1923። አዲሱ ንጉሥ ከመንገሣቸው በፊት ባለው ቀን የዐድዋውን ንጉሥ ሐውልት መግለጣቸው እንዲያው የሆነ አይመስለኝም፤ ዓለም ሁሉ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ነበርና። ስድስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ጣሊያን ገባ። ፋሽስቶች ከሁሉ በፊት ዓይናቸው ውስጥ የገባው ይኸው ሐውልት ነበር። ዐድዋ ላይ ያሸነፋቸው ሰው ፈረስ ላይ ተቀምጦ መሐል ከተማ እያዩት እንዴት ይደሩ? ነቅለው ቀበሩት። በ1933 ነፃነት ሲመለስ ከአፈር ወጥቶ ከቦታው ቆመ። አሁን ልጆቹን ከሥሩ አቁመሽ ወደ ላይ ያንጋጡ፤ የፈረሱ የፊት እግሮች ወደ ላይ ተነሥተዋል። ያ ነሐስ አምስት ዓመት ከመሬት በታች ነበር በያቸው።

ትንሽ ወረድ ብላችሁ አቡነ ጴጥሮስ ጋ ቁሙ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ፋሽስቶች በአደባባይ ረሸኗቸው። አርበኞቹን "ሽፍታ" ብለው እንዲያወግዙ ተጠይቀው እምቢ አሉ፤ ሕዝቡም ምድሪቱም ለጠላት እንዳይገዙ ገዘቱ። ይህ ሐውልትም ተነሥቶ ያውቃል፤ ግን በጠላት እጅ አይደለም። የቀላል ባቡሩ ዋሻ በሥሩ ሊያልፍ ሲል በ2005 ተነሥቶ ብሔራዊ ሙዚየም ተቀመጠ፣ በ2008 ወደ ቦታው ተመለሰ። ያኔ ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ልብ በይ፣ ጭንቀቱ ከምኒልኩ ሐውልት ታሪክ የመጣ ነው፤ በዚህ ከተማ የተነሣ ሐውልት መመለሱ ርግጥ አይደለም።

ለገሃር ያለውን የይሁዳ አንበሳ ደግሞ ጨምሪ። ባቡሩ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው፤ አንበሳው በ1923 ለዘውዱ በዓል ጣቢያው ፊት ቆመ። ፋሽስቶች ሮም ወስደው ለድል ምልክት አቆሙት። ዘርዓይ ደረስ ሮም ላይ ሰይፍ መዝዞ ፋሽስቶችን ወጋ የሚባለው ነገር ከዚሁ አንበሳ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው። ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ ስድስት ኪሎ። ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ሙዚየሙ ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ወደ የትም የማያስገባ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ሰው ብዙ ጊዜ ሳያየው ያልፋል። ሙሶሊኒ በ1922 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሥልጣን ከያዘበት ጀምሮ ለያንዳንዱ ዓመት አንድ እርከን እያሉ ፋሽስቶች ያቆሙት ነው። ከነፃነት በኋላ አላፈረሱትም። የመጨረሻው እርከን ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ። እኔ በበኩሌ ከአዲስ አበባ ሐውልቶች ሁሉ ይህንን ነው የምወደው፤ ማንም ምንም ንግግር ሳያደርግ መልስ የተሰጠበት ነው።

ከአራት ኪሎ ላይ፦
ጥሩ ብለሃል ወንድሜ። እዚያው ሰንሰለት ላይ አራት ኪሎን ጨምር። የሚያዝያ 27 ሐውልት መሐል አደባባዩ ላይ ነው። ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሡ የተመለሱት ሚያዝያ 27 ቀን 1933፣ ልክ በአምስት ዓመቱ። ደርግ ቀኑ ከንጉሡ ጋር ስለተያያዘ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28 አዛውሮት ነበር፤ ኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ሐውልቱ ባይነቀልም በዓሉ ራሱ ተነቅሎ ተተክሏል ማለት ነው።

ሌኒንም አለ። በደርግ ጊዜ አፍሪካ አዳራሽ አካባቢ ቆሞ ነበር፤ በግንቦት 1983 ተጣለ። የካርል ማርክስ ትልቅ የድንጋይ ራስ ግን ዩኒቨርሲቲው አካባቢ እስካሁን አለ። ለምን አንዱ ወድቆ ሌላው ቀረ የሚለውን ልጆቹ ራሳቸው ይከራከሩበት።

ወለተ ሥላሴ፦
ሐውልት ብቻ አይደለም የተዘዋወረው። የንጉሡ አፅምስ? ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በነሐሴ 1967 ሞቱ ከተባለ በኋላ የተቀበሩበት ሳይታወቅ ቆየ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አፅማቸው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ተገኘ፤ በዓታ ቤተ ክርስቲያን፣ ምኒልክና ጣይቱ፣ ዘውዲቱም ካረፉበት ቦታ ለዓመታት ተቀመጠ። በክብር የተቀበሩት ጥቅምት 26 ቀን 1993 ነው፤ ቅድስት ሥላሴ፣ ከእቴጌ መነን አጠገብ። መቃብሮቹ ሁለት ትላልቅ የጥርብ ድንጋይ ሣጥኖች ናቸው፤ ውስጥ ከመቅደሱ በስተግራና በቀኝ ሳይሆን በአንድ ወገን ጎን ለጎን ስለሆኑ ዲያቆኑን ጠይቂ፣ ያሳይሻል።

ውጭ ባለው መካነ መቃብር ሲልቪያ ፓንክኸርስትን ፈልጉ። እንግሊዛዊት ሆና በወረራው ዘመን ለኢትዮጵያ ስትጮህ የነበረች ሴት ናት፤ በመስከረም 1953 እዚሁ አርፋ ከአርበኞቹ ጋር ተቀበረች። ለሴቷ ልጅ እሷን አሳዪያት፤ ከነገሥታቱ በላይ ትነካታለች ብዬ አስባለሁ።

የጉለሌዋ፦
ወለተ ሥላሴ ተባረኪ። ልጅቷ ሴት ታሪክ ሠሪዎችን ስለምትወድ ጣይቱን፣ ዘውዲቱንና ሲልቪያን አንድ ላይ አያይዤ እነግራታለሁ። ስድስት ኪሎ የሰማዕታቱን ሐውልትስ ልውሰዳቸው ወይስ ይከብዳል?

መምህር ዘእንጦጦ፦
ውሰጃቸው። የካቲት 12 ሳይነገር የአዲስ አበባ ታሪክ አይነገርም። ግን ቅደም ተከተሉን ጠብቂ፤ መጀመሪያ ቦታው፣ ቀጥሎ ሐውልቱ።

ቦታው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው፤ ዛሬ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ እዚያ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝብ ሰብስቦ ሳለ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት። ስምዖን አደፍርስ በመኪናው አሸሻቸው፤ ኋላ ተይዞ ተገደለ። ግራዚያኒ ቆስሎ ተረፈ። ከዚያ ሦስት ቀን በከተማዋ የሆነውን የሚገልጽ ቃል የለኝም። ቤት ከነሰዉ ተቃጠለ። ኢትዮጵያ የምትቆጥረው 30,000 ሰው ነው።

አሁን ከደረጃው ተነሥታችሁ፣ ከግቢው ወጥታችሁ ወደ አደባባዩ ተሻገሩ። የሰማዕታቱ ሐውልት እዚያው በር ላይ ነው፤ ቲቶ የላኳቸው የዩጎዝላቪያ ቀራጮች አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች ናቸው የሠሩት። ራቅ ብሎ ሲያዩት ረጅም ነጭ ድንጋይ ብቻ ነው። ጠጋ ሲሉ ግን በዙሪያው ያሉት የነሐስ ቅርጾች ጭፍጨፋውን አንድ በአንድ ያሳያሉ። ልጅቷ ካቃታት ከሩቅ ትየው። ማንም አያስገድዳትም።

እዚያው ሙዚየም ውስጥ የንጉሡና የእቴጌይቱ መኝታ ቤት እንደነበረ አለ። በታኅሣሥ 1953 የመንግሥቱ ነዋይና የገርማሜ ነዋይ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የታገቱት ሹማምንት የተገደሉት በዚሁ ሕንፃ ውስጥ፣ አረንጓዴው ሳሎን ነው። ንጉሡ ከዚያ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። ስለዚህ አንድ ሕንፃ ላይ ቆመሽ ዘውዱን፣ ወረራውን፣ የ53ቱን ግርግርና የተማሪውን ዘመን ሁሉ መንገር ትችያለሽ። የቀረው የሙዚየሙ ክፍል ደግሞ ከልደት እስከ ሞት በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል የተደረደረ ስለሆነ ለልጆች በጣም ይመቻል።

የመርካቶ ልጅ፦
እስካሁን ንጉሥና ጄኔራል ብቻ ነው የሰማሁት። ከተማውን ያቆመው ነጋዴና ሠራተኛስ? መርካቶን እንዴት ትረሱታላችሁ!

ገበያው ዱሮ እዚያው አራዳ፣ ጊዮርጊስ ፊት ነበር። ፋሽስቶች ከተማዋን "የነጭ" እና "የአገሬው" ብለው ሲከፋፍሉ የሐበሻውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፉት። መርካቶ የተወለደው ከዚያ ክፍፍል ነው። እነሱ በአምስት ዓመት ተጠራርገው ወጡ፣ ገበያው ግን የሀገሪቱ ልብ ሆነ። ታላቁ አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ለአጠገብ ናቸው፤ አዛኑና ቅዳሴው አንድ ሰማይ ላይ ሲገናኝ ልጆቹ ይስሙት። በጠዋት ሂዱ፣ ስልካችሁን በደንብ ያዙ፣ ቦንብ ተራን፣ ምናለሽ ተራን፣ ሸማ ተራን ዞር ዞር በሉ። ዘመድ ነጋዴ ካለሽ ሱቁ ደጃፍ ወንበር ይስጣችሁና ቁጭ ብላችሁ እዩ፤ ከመዞር ይልቅ ቁጭ ማለቱ ነው መርካቶን የሚያሳየው።

ንድፍ ሠሪው፦
ሙያዬ ሕንፃ ስለሆነ በዚያ በኩል ልግባ። ሁለት ዓይነት ሕንፃ አሳዪያቸው።

አንደኛው የድሮዎቹ መኳንንት ቤቶች ናቸው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ቤት ነበር። ሰፊ በረንዳ፣ የተቀረጸ እንጨት፣ ወደ ላይ የሾለ ጣሪያ። በዚያ ዘመን ከሠሩት መካከል የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ስለነበሩ ቤቱ የአንድ ሀገር ብቻ አይመስልም። የሼክ ሆጀሌ ቤትና የቢትወደድ ኃይለ ጊዮርጊስ ቤትም የዚያ ዘመን ናቸው። አርመኖች ካነሣሁ አይቀር፣ በ1916 ከኢየሩሳሌም የመጡት አርባ ልጆች የከተማዋን ዘመናዊ ሙዚቃ ያስጀመሩ ናቸው፤ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንድያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ሀገር ፍቅር ቴአትርን በደጁ ስታልፉ ይህንን አያይዢው፤ ማኅበሩ በ1927 ጣሊያን ሊመጣ ሲል ሕዝብ ለመቀስቀስ የተቋቋመ ነው።

ሁለተኛው የሃምሳዎቹ ዘመን፣ አዲስ አበባ የአፍሪካ መዲና ልትሆን የተዘጋጀችበት ነው። አፍሪካ አዳራሽን አርቱሮ ሜዜዲሚ የተባለ ጣሊያናዊ ነደፈው፤ በ1953 ተመረቀ። ማዘጋጃ ቤቱም የእሱ ሥራ ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ግንቦት 17 ቀን 1955 የተመሠረተው በዚሁ አዳራሽ ነው። ከውስጥ 150 ካሬ ሜትር የሚሞላው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ ያሳያል። ፀሐይ ከኋላው ስትመጣ ወለሉ ሁሉ ቀይና ሰማያዊ ይሆናል። ለመግባት ቀደም ብሎ መመዝገብና መታወቂያ ወይም ፓስፖርት መያዝ ያስፈልጋል።

ከዚያ ወደ አዲሱ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ። ቻይና ሠርታ በጥር 2004 የተመረቀው፣ 99.9 ሜትር ቁመት ያለው። ቁመቱ የኅብረቱ ሐሳብ የታወጀበትን ቀን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 9/9/1999ን እንዲያስታውስ ነው። እዚህ ግን መናገር ያለብሽ ሌላ ነገር አለ። ያ መሬት ዓለም በቃኝ ነው። ከአራት ኪሎ ላይ ያለው ወንድማችን የጠቀሰው ከርቸሌ ማለት ነው። ስልሳዎቹም፣ ከነሱም በፊት በኋላም ስንቱ የተሠቃየበት ግቢ ዛሬ የአህጉሩ መሪዎች የሚሰበሰቡበት ሆነ። አጥሩ ውጭ ቆማችሁ ቀና ብላችሁ እያያችሁ ንገሪያቸው።

ከዶሮ ማነቂያ፦
ሁላችሁም ስለቆሙት ነው የምታወሩት። እኔ ስላልቆመው ልናገር።

ተወልጄ ያደግሁት ዶሮ ማነቂያ ነው። በ2016 ሰፈራችን ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር ሄድን። ምኒልክ ሐውልት አለ፣ ጊዮርጊስ አለ፣ የዐድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየሙም በየካቲት 2016 ተመርቆ ተከፍቷል፤ ገብቼ አይቼዋለሁ፣ ትልቅ ሥራ ነው፣ ልጆቹም ይግቡ። ግን ፒያሳ ማለት ሐውልቱን የከበበው ኑሮ ነበር። ወርቅ ቤቱ፣ ኬክ ቤቱ፣ የተከራይ ግቢው፣ አንድ ቧንቧ ላይ የሚሰለፈው ጎረቤት። የጣሊያን ዘመን ቤት ውስጥ የአርመን በር ይዞ የጉራጌ ሱቅ ነበር። ያ ሁሉ ታሪክ ነበር፤ ቅርስ የሚል ሰሌዳ ስላልተለጠፈበት ግን ስንሄድ አብሮን ሄደ።

እህቴ፣ እናታቸው አዲስ አበባ ካደገች የድሮ ፎቶዎቿን ላኪልኝ በያት። ልጆቹ ፎቶውን ይዘው እናታቸው የቆመችበት ቦታ ላይ ይቁሙ። ቦታው ተለውጦ ከሆነም የተለወጠውን ያያሉ።

ንድፍ ሠሪው፦
ወንድሜ፣ እኔ ይህንን ከሙያ አንጻር ሁልጊዜ እናገራለሁ። አንድን ቤት ብቻ ነጥሎ ማስቀረት ለከተማ ታሪክ አይበቃም፤ የመንገዱ ስፋት፣ የሱቁ አደራደር፣ ግቢው ሁሉ አንድ ላይ ነው ትርጉም የሚሰጠው። አዲሱ መንገድ ለሚሄድ ሰው እንደሚመች አልክድም፣ ልጆች ሲጫወቱበት ሳይ ደስ ይለኛል። ግን ከመፍረሱ በፊት እያንዳንዱ ቤት ተለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ፣ የነዋሪው ቃል ተቀድቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህቺ ልጅ የምታሳየው ነገር ይኖራት ነበር። በቀሩት ሰፈሮች አሁንም አልረፈደም።

ወለተ ሥላሴ፦
የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምን ማንም አላነሣም። መስቀል አደባባይ ጥግ ነው፣ በ2002 የተከፈተ። መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በ1969 ደም የሚመስል የሞላበት ጠርሙስ እየወረወረ የፎከረው ከፊት ለፊቱ ባለው አደባባይ ነው፤ ያኔ አብዮት አደባባይ ይባል ነበር። ለትልቁ ልጅ ግዴታ ነው እላለሁ፤ የእናቱ ትውልድ ለምን ከሀገር እንደተበተነ የሚገባው እዚያ ነው። ውስጥ የሰው አፅምና የሟቾች ልብስ ስላለ ለታናሿ ግን ጊዜው አይመስለኝም። አንዳችሁ ከእሷ ጋር አደባባዩ ላይ ቆዩ።

ነቅለው የተከሉት፦
እሱን ካያችሁ በኋላ ቸርችል ጎዳና ላይ "ትግላችን" የተባለውን ሐውልት እዩ፤ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት። በሶማሊያ ጦርነት ለወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን፣ በደርግ አሥረኛ ዓመት፣ በሰሜን ኮሪያውያን እጅ የተሠራ ነው። የደርግ ዘመን ምልክቶች አብዛኞቹ ሲወርዱ ይህ ቀርቷል። ምክንያቱ አይከብድም፤ የኩባውያኑና የእኛዎቹ ሙታን መታሰቢያ ስለሆነ ነው። ሰው መንግሥትን ይጠላል፣ የሞተለትን ወታደር ግን አይነቅልም።

የጉለሌዋ፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከእናንተ ጋር እየተማከርኩ ይህንን ወሰንኩ፤ ስህተት ካለው አርሙኝ።

መጀመሪያ እንጦጦ ከጠዋቱ፣ መምህር እንዳሉት፤ ማርያምና የምኒልክ ቤት፣ ስንወርድ ባሕር ዛፉ። በሌላ ቀን ጊዮርጊስ፣ ምኒልክ፣ ዐድዋ ሙዚየም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ ከዚያ ጣይቱ ሆቴል ቡና። ለእናታቸው ደውዬ የፒያሳ ፎቶ ጠይቄያለሁ፤ አንድ በሰባዎቹ ሲኒማ ኢትዮጵያ ደጃፍ የተነሣችው አለ፣ ትልካለች። ሌላ ቀን ስድስት ኪሎ፤ ቤተ መንግሥቱ፣ ደረጃው፣ የሰማዕታቱ ሐውልት፣ ድንቅነሽ፣ ሥላሴ። መርካቶን ለቅዳሜ አስቀምጫለሁ፤ አጎቴ ሸማ ተራ ሱቅ አለው። ለገሃር፣ አፍሪካ አዳራሽና ኅብረቱ በአንድ ዙር። ትልቁን ልጅ ብቻ ወደ ቀይ ሽብር ሙዚየም የሚወስደው ባለቤቴ ነው፤ አባቱ በዚያ ዘመን ነው ያለፉት።

መምህር ዘእንጦጦ፦
ጥሩ ነው። አንድ ነገር ብቻ አሻሽዪ። የስድስት ኪሎው ቀን በጣም ከብዷል። ሥላሴን ከድንቅነሽ ጋር ለይተሽ ወደ ሌላ ቀን አድርጊው፤ የሰማዕታቱን ሐውልት ያየ ልጅ በዚያው ቀን የስልሳዎቹን መቃብር ማየት የለበትም። ስድስት ኪሎን ስትጨርሱ ወደ አንበሳ ግቢ መናፈሻው ጎራ በሉና ይረፉ።

የአራዳ ልጅ፦
ጊዮርጊስ በ23 እንዳትሄዱ፤ ወርኃዊ በዓሉ ስለሆነ ሰዉ ስለሚበዛ ሙዚየሙን በእርጋታ አታዩትም። መሳለም ከፈለጋችሁ ግን 23ትን የሚያህል የለም፤ ያኔ በሌሊት ተነሡ።

ከአራት ኪሎ ላይ፦
ቤተ መንግሥቶቹና አፍሪካ አዳራሹ አካባቢ ልጆቹ ካሜራ ከማውጣታቸው በፊት ጥበቃውን ይጠይቁ፤ አንዳንድ አጥር ፎቶ አይነሣም። የምኒልክን ግቢ ከውስጥ ማየት ከፈለጉ ከ2012 ጀምሮ አንድነት ፓርክ ተብሎ ክፍት ስለሆነ ትኬት ቆርጠው ይግቡ፤ የዙፋን አዳራሹ እዚያ ነው።

የጉለሌዋ፦
እሺ መምህር፣ እለየዋለሁ። አንድነት ፓርክን ከበዓታ ጋር አደርገዋለሁ፤ ምኒልክን ቤታቸውን አይተን ወደ መቃብራቸው። ወለተ ሥላሴ፣ በዓታ ምድር ቤቱን ለማየት ማንን ነው የሚጠየቀው?

ወለተ ሥላሴ፦
ግቢው ውስጥ ያሉትን አባቶች ጠይቂ፤ ካህኑ ምንጣፉን ገልጠው ወደ ታች የሚያስወርደውን በር ይከፍቱላችኋል። ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት ሆናችሁ ውረዱ።